የሕግ ድርሰት አጻጻፍ

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ ሌላው ባለበት መቆም ይገባዋል የሚል የቆየ ልማድ አለ። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሕግ ይህን ያህል ክብር ካለው፣ ስለ ሕግ የሚጻፍ ድርሰትም በስማ በለው ሊጻፍ አይገባውም። በሌላ ድርሰት ጸሐፊው የተሰማውን ብቻ ሊገልጽ ይችላል፤ የሕግ ድርሰት ግን ለሚሰጠው ሐሳብ ሁሉ ማስረጃ ይጠይቃል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ለጀመረ አንድ ተማሪ የሚከተለው ጥያቄ ቀረበለት እንበል።

«በሶዶ ዙሪያ ወረዳ የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜዋ 15 ዓመት ከ6 ወር ነው። ሽማግሌ የተላከባቸው ወላጆቿ ሊድሯት ተስማምተዋል፤ እርሷ ግን ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። ሕግ ይህን ጋብቻ ይፈቅዳልን? አስረዳ።»

ተማሪው መልሱን ለመጻፍ አራት ተግባሮችን በቅደም ተከተል ማከናወን ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ጭብጡን መለየት። ጭብጥ ማለት ክርክሩ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። የወላጆቿ ኑሮ ወይም የሙሽራው ጠባይ እዚህ ጭብጥ አይሆንም። ጭብጦቹ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም የልጅቱ ዕድሜና የልጅቱ ፈቃድ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሕጉን መፈለግ። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን አነሣ እንበል። አንቀጽ 581 ወንድ 18፣ ሴት ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባት አይችሉም ይላል። ልጅቱ 15 ዓመት አልፏታልና «ይፈቅዳል» ብሎ ቢጽፍ፣ መጽሐፉን በትክክል ጠቅሷል፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ያ ድንጋጌ በኋላ በወጡ ሕጎች ተተክቷልና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 7 የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ወላይታ እስከ 2015 ዓ.ም. በሥሩ የነበረበት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ያወጣው ሕግም 18 ዓመት ብሎ ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ወላይታ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ስለሆነ፣ ተማሪው አዲሱ ክልል ያወጣቸውን ሕጎችም መመርመር አለበት። እንግዲህ ስለ ማንኛውም ሕግ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ ማን አወጣው? የት ይሠራል? ዛሬ የጸና ነው ወይስ የተሻረ?

ሦስተኛ፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማገናዘብ። አንቀጹን እስከ መጨረሻው ንዑስ አንቀጽ ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው አንቀጽ 7 በከባድ ምክንያት ከሁለት ዓመት የማይበልጥ ቅናሽ ሊፈቀድ እንደሚችል ይገልጻል። የልጅቱ ዕድሜ ግን ከዚያም በታች ነው። በተጨማሪም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል፤ እርሷም አልፈቀደችም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው እንዲቀጣ ይደነግጋል።

አራተኛ፣ መደምደም። መደምደሚያው አጭርና ከማስረጃው የሚመነጭ ይሁን። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ልጅን መዳር እጅግ የሚያሳዝን ሥራ ስለሆነ ጋብቻው መቅረት አለበት።
ለ. ልጅቱ 18 ዓመት ስላልሞላትና ፈቃዷን ስላልሰጠች፣ ከላይ በተጠቀሱት ድንጋጌዎች መሠረት ጋብቻው በሕግ የተከለከለ ነው።

«ሀ» ስሜትን ይገልጻል፤ «ለ» ግን ተከራካሪን ያሳምናል።

የቋንቋው ጥንቃቄም ሊዘነጋ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በመጨረሻው አንቀጽ በ106፣ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይገልጻል። «ይችላል» የሚለውን ቃል «አለበት» ብሎ መጻፍ መብትን ወደ ግዴታ መለወጥ ነው። ስለዚህ የሕጉ ቃል በቀጥታ ሲጠቀስ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ የአንቀጹም ቁጥር አብሮ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አይደለም። ዛሬ በተሻረ ሕግ መልስ የሚሰጥ ተማሪ የሚያጣው ጥቂት ነጥብ ነው። ነገ ዳኛ ወይም ጠበቃ ሆኖ ያንኑ ስሕተት ቢደግም ግን፣ የልጅቱን ትምህርትና ሕይወት የሚያበላሽ ይሆናል።

መልመጃ
1. ጭብጥ፣ ድንጋጌ፣ ፍሬ ነገር የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
2. የፍትሐ ብሔር ሕጉን ብቻ ያነበበው ተማሪ ለምን ተሳሳተ? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
3. በአካባቢያችሁ ከሚነሡ ክርክሮች አንዱን መርጣችሁ ጭብጡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።