ለዚህ ሁሉ ዳታ የትኛው ዳታቤዝ?

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባሉት ቀናት እንግሊዝ ውስጥ ኮቪድ እንደያዛቸው በምርመራ ከተረጋገጠ ሰዎች 15,841ዱ ከዕለታዊው ቆጠራ ውጪ ቀሩ። ሰዎቹ ራሳቸው ውጤታቸው ደርሷቸዋል፤ ከእነሱ ጋር የተገናኙትን እየፈለገ የሚያስጠነቅቀው ክፍል ግን ዝርዝራቸውን በጊዜው አላገኘም። ጉዳዩ ሲጣራ ሰርጎ ገብ አልነበረም፣ የተቃጠለ ሰርቨርም አልነበረም። ከላቦራቶሪዎች የሚመጣው ዝርዝር ወደ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይገለበጥ ነበር። ያ ፋይል ደግሞ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም፤ ትርፉ ማንም ሳያውቅ ተቆርጦ ቀረ።

አዲሱ ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። በቀን 300 ሽያጭ የሚመዘግብ ሱቅ በዓመት 109,500 ረድፍ ይጽፋል፤ አንድም ቀን ሳይዘጋ ቢሠራ ገጹን ለመሙላት ዘጠኝ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ስለዚህ ለዚህ ሱቅ ኤክሴል አነሰው ከተባለ ምክንያቱ ብዛት አይደለም። የሚያንሰው በሌላ በኩል ነው። በዋጋው ዓምድ ውስጥ «ነገ ይከፈላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አስቀድሞ ካልተከለከለ በቀር፣ ዝም ብሎ ይቀበላል። ባለቤቱና ገንዘብ ያዥዋ በየኮምፒውተራቸው ያለውን ቅጂ ሲያርሙ ደግሞ የማን እርማት እንደሚጸና የሚወስን የለም።

ድርጅቶች ዳታቤዝ ለማስመረጥ ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉት «ዳታችን ብዙ ነው» ነው። ብዙ ማለት ስንት እንደሆነ ሲመዘን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍላሽ ላይ የሚገባ ይሆናል። ከብዛቱ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጽፍበታል? ከተጻፈስ በኋላ ምን ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል?

አብዛኞቹ የዛሬ ዳታቤዞች የቆሙበት ሐሳብ የ1970 ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ ካሊፎርኒያ ባለው የአይቢኤም የምርምር ማእከል ሆኖ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዳታ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ጠያቂውም የሚፈልገውን ይናገር እንጂ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም አለ። ከዚያ በፊት ፕሮግራመሩ ከመዝገብ ወደ መዝገብ የሚያደርሰውን መንገድ አንድ በአንድ ራሱ መምራት ነበረበት። በ1974 ደግሞ የአይቢኤም ባልደረቦቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይሞንድ ቦይስ ለመጠየቂያ የሚሆን ቋንቋ አወጡ፤ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለው ነው። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ ስልክ ላይ ባለች ትንሽ ፋይልም፣ ባንክ ምድር ቤት ባለ ሰርቨርም ላይ በጥቂት ማስተካከያ ይሠራል።

ስልክ ላይ ያለችው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የኤስኪውላይት ናት። ታሪኳ የሚጀምረው ከጦር መርከብ ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ኦስካር ኦስቲን ለተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። ሶፍትዌሩ ዳታውን የሚያገኘው ከሌላ የዳታቤዝ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር የሂፕ ፕሮግራም መገናኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት እያሳየ ይቆማል። ዳታውን ከዲስኩ በቀጥታ ማንበብ እየተቻለ መሐል ላይ ሰርቨር ምን ያደርጋል ብሎ ተነሣ፤ በኦገስት 2000 የመጀመሪያውን እትም አወጣ።

ኤስኪውላይት የሚነሣ ሰርቨር የለውም፤ ተጠቃሚ አይከፈትለት፣ የይለፍ ቃል አይሰጠው። ዳታቤዙ እንዳለ አንድ ፋይል ነው። አንድሮይድም አይፎንም ይዘውት ይመጣሉ። ዋትስአፕ አንድሮይድ ስልክ ላይ መልእክቶቻችንን የሚያስቀምጠው በዚህ ነው፤ ፋየርፎክስና ክሮምም የጎበኘናቸውን ገጾች የሚመዘግቡት በዚሁ ነው። ባለቤትነቱ ለሕዝብ የተተወ ስለሆነ ፈቃድ የሚጠይቅበት የለም። እንዲያውም ኮዱ አናት ላይ፣ የሕግ ማስታወቂያ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ሂፕ ያስቀመጠው ምርቃት ነው። የሶፍትዌር ውል እስከ መጨረሻው አንብቦ ለሚያውቅ ሰው ይህ እረፍት ነው።

የፋይሉ የመጠን ጣሪያ 281 ቴራባይት ነው፤ እዚያ የሚደርስ መሥሪያ ቤት በአቅራቢያችን ያለ አይመስለኝም። እውነተኛው ገደብ ሌላ ነው፦ በአንድ ቅጽበት የሚጽፍበት አንድ ብቻ ነው። ማንበብ የፈለገ ሁሉ ያነባል፤ ሁለተኛው ጸሐፊ ግን የመጀመሪያው እስኪጨርስ ይጠብቃል። አንዱ ጽሕፈት የሚፈጀው የሰከንድ ሽርፍራፊ ስለሆነ አንድ ፋርማሲ ወይም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወረፋ መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። ፋይሉን በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ አስቀምጦ ከአምስት ኮምፒውተር መክፈት ግን ዳታ ሊያበላሽ ይችላል፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዚህ እንድንቆጠብ ይመክራሉ። ምክራቸውን የሚሰማ ግን ጥቂት ነው።

ጸሐፊው ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማየት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት ጥሩ ምሳሌ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወንበር ቁጥር 14 ክፍት ነው። አንዷ ቲኬት ሻጭ ፒያሳ፣ ሌላው መገናኛ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም በየስክሪናቸው ላይ «ክፍት» የሚል ያያሉ፣ ሁለቱም ከፊታቸው የቆመ ደንበኛ አለ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ አንብቦ፣ ቆይቶ የሚጽፍ ከሆነ ወንበሩ ሁለት ጊዜ ይሸጣል፤ ጠቡ የሚነሣው ንጋት ላይ በአውቶቡሱ በር ነው። ዳታቤዝ ይህን የሚከላከለው ማጣራቱን፣ ወንበሩን መያዙንና ክፍያውን መመዝገቡን አንድ ላይ አስሮ ነው፤ ወይ ሁሉም ይፈጸማል፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ትራንዛክሽን ይሉታል። ፒያሳ ቀድማ ከያዘች መገናኛ ያለው ሻጭ «ተይዟል» የሚል መልስ ያገኛል።

ይህን ኤስኪውላይትም ያደርጋል፤ ነገር ግን ወንበር 14 እስኪያዝ መላውን ፋይል ለጸሐፊዎች ይዘጋል። ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሰርቨር የሚዘጋው ያቺን አንዷን ረድፍ ብቻ ነው፤ ወንበር 15ን የሚሸጥ ሰው አይጠብቅም። የሚያነብም የሚጽፈውን አይጠብቅም፤ አዲሱ እስኪጸድቅ ድረስ የቀድሞውን ቅጂ ያያል። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ። በታረመ ቁጥር የድሮው የረድፍ ቅጂ ሰንጠረዡ ውስጥ ይቀራል፤ ቫኪዩም የሚባል ጠራጊ እየዞረ ያነሣዋል። ጠራጊውን «ሲስተሙን አዘገየ» ብለው ያጠፉ ቤቶች ከወራት በኋላ ዲስኩ ለምን እንደሞላ ግራ ይገባቸዋል።

ፖስትግሬስ በ1986 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፤ ፖስትግሬስኪውኤል የሚለውን የአሁኑን ሙሉ ስሙን ያገኘው በ1996 ነው። በተለመደው አደረጃጀት አንዱ ሰንጠረዥ እስከ 32 ቴራባይት ይሄዳል። ተፎካካሪው ማይኤስኪውኤል በ1995 ከስዊድን ወጣ። ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል ዊዴኒየስ «ማይ» ያለው በልጁ ስም ነው። ሶፍትዌሩ በ2008 ለሰን ኩባንያ ተሽጦ፣ ሰን ደግሞ በ2010 በኦራክል ሲገዛ፣ ዊዴኒየስ አስቀድሞ ከዚያው ኮድ ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ በታናሿ ልጁ ስም ማሪያዲቢ ብሎት ነበር። ኦራክል የራሱን ዳታቤዝ ከ1979 ጀምሮ ይሸጣል፤ ጠንካራ ነው፣ ሂሳቡን የሚከፍል ከተገኘ። ለአዲስ ሥራ ምርጫው ለእኔ ከተተወ ፖስትግሬስ እላለሁ። ደንቦቹ ጥብቅ ናቸው፣ ሰነዱ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ሰርቨር ማለት ግን ሰው ማለት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ የሚያድሰው፣ ባክአፕ የሚወስድለት፣ መብራት ሲጠፋ የሚደነግጥለት። ያ ሰው የሌለበት ቢሮ በኤስኪውላይት ቢቆይ ይሻለዋል።

«ዳታው ስለበዛ ዘገየ» የሚባለው ቅሬታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኢንዴክስ እጦት ነው። ኢንዴክስ ከመጽሐፍ ጀርባ እንዳለው የስም ማውጫ ነው፤ ገጽ በገጽ ከመግለጥ ያድናል። አሥር ሚሊዮን ደንበኛ ካለበት ሰንጠረዥ አንድ ስልክ ቁጥር ያለ ኢንዴክስ ሲፈለግ ማሽኑ አሥር ሚሊዮኑንም ረድፍ ያያል። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክክሬት በ1970ዎቹ መባቻ ቦይንግ ውስጥ ሲሠሩ በቀመሩት የዛፍ ቅርጽ ግን እያንዳንዱ መገንጠያ ወደ መቶዎች ቅርንጫፍ ይከፈላል። 300 ቅርንጫፍ ነው ብንል፣ ሦስት እርምጃ ብቻ 300 ጊዜ 300 ጊዜ 300፣ ማለትም 27 ሚሊዮን ቁጥር ውስጥ የምንፈልገውን ያደርሰናል። አዲስ ሰርቨር ከመግዛት በፊት አንዲት የኢንዴክስ መስመር መጻፍ ይቀድማል፤ ሻጮች ግን ይህን አይነግሩም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ምን ይጠየቃል የሚለው፣ ሌላ ዓይነት ማሽን ይጠራል። አርባ ዓምድ ያለው የሽያጭ ሰንጠረዥ አለ እንበል፤ ሥራ አስኪያጁ የአምስት ዓመቱን ሽያጭ በየወሩ ተደምሮ ማየት ይፈልጋል። የሚያስፈልጉት ሁለት ዓምዶች ናቸው፤ ቀንና ዋጋ። ፖስትግሬስና ኤስኪውላይት ዳታን በረድፍ ስለሚያስቀምጡ ሁለቱን ለማግኘት አርባውንም ከዲስክ ያነሳሉ። በዓምድ የሚያስቀምጡት ሁለቱን ብቻ ያነባሉ፤ አንድ ዓይነት ነገር ጎን ለጎን ስለሚቀመጥም እጅግ ይታመቃል። ከእነዚህ ለግለሰብ የሚመቸው ደክዲቢ ነው፤ አምስተርዳም ባለው የሒሳብና ኮምፒውተር ምርምር ተቋም ተሠርቶ በ2019 ወጣ፤ እንደ ኤስኪውላይት ሰርቨር አይፈልግም። ተራ ላፕቶፕ ላይ መቶ ሚሊዮን ረድፍ በሰከንዶች ይደምራል። ሪፖርት ሲጠየቅ ኤክሴሉ ለሚቀረቀርበት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ወንበር 14ን ለመሸጥ ግን አልተሠራም።

ከዚህ ማዶ ያለው ዓለም በአንድ ማሽን የማይበቃው ነው። ጉግል ቢግቴብልን በ2006፣ አማዞን ዳይናሞን በ2007 በጽሑፍ አስተዋወቁ፤ ፌስቡክ ከሁለቱም ሐሳብ ወስዶ የመልእክት ሳጥን ፍለጋውን የሚሸከም ካሳንድራን ሠራና በ2008 ኮዱን ለሁሉም ከፈተ። ዳታው በብዙ ማሽኖች ላይ ተበትኖ፣ ቅጂውም ተደጋግሞ ይቀመጣል፤ አንዱ ማሽን ቢሞት ሥራው ይቀጥላል። በምትኩ ብዙ ነገር ይቀራል። ሁለት ሰንጠረዥ አገናኝቶ መጠየቅ አይቻልም፤ አሁን የተጻፈውን ሌላው ቅጂ ለአፍታ ላያውቀው ይችላል። የሦስት መቶ ሠራተኛ ደመወዝ ለመክፈል ካሳንድራ የሚተክል ሰው የፌስቡክን ችግር ሳይኖረው የፌስቡክን ራስ ምታት ይገዛል።

እኛ ዘንድ ሰፊ ሥራ ላይ ካሉት አንዱ ዲኤችአይኤስ2 ነው፤ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሲሆን ሆዱ ውስጥ ያለው ፖስትግሬስ ነው፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ያውቃል። ከየጤና ጣቢያው የሚላከው ጥቂት ቁጥር ነው። ፈተናው ሁሉም የወሩን ሪፖርት በተቀራራቢ ሰዓት ለመጫን ሲረባረብ ነው፤ እዚህም ጥያቄው ስንት ተከማቸ ሳይሆን ስንቱ አብሮ ጻፈ ነው።

በፊደላችን የተጻፈ ዳታ ቦታ ይፈጃል የሚል ስጋት አልፎ አልፎ ይሰማል። እውነት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ግን እናስላው። የሰው ስም ከነአባትና ከነአያት 12 ፊደልና 2 ክፍተት ቢሆን 38 ባይት ነው፤ የመቶ ሃያ ሚሊዮን ሰው ስም ቢመዘገብ አምስት ጊጋባይት አይሞላም። ኪስ ውስጥ ያለ ፍላሽ ይበቃዋል።

የካርድ ክፍል ሠራተኛን የሚያሰቃየው ሌላ ነገር ነው። ታካሚዋ ባለፈው «ፀሐይ» ተብላ ተመዝግባለች፤ ዛሬ የተረኛዋ ጣት «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ዳታቤዙ የለችም ይላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ የድሮው የመድኃኒት ታሪኳ ሌላ ካርድ ላይ ይቀራል። ለአንባቢ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ኤስኪውላይትም ሆነ ኦራክል፣ አንድ ሺህ ረድፍም ሆነ አንድ ቢሊዮን፣ ነገሩ አይለወጥም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስሙ ባለቤቱ እንዳጻፈው በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፤ በሁለተኛ ዓምድ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተመልሰው፣ እንደ «ሃ» ያሉትም ወደ «ሀ» ተጠቅልለው፣ «ኃይለ ሚካኤል» ያለ ክፍተት ገጥሞ ይጻፍ፤ ኢንዴክሱ በዚህኛው ዓምድ ላይ ይሠራ። ተረኛዋ የምትጽፈው ስም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ይለፍ፤ ለሰው የሚታየው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዓምድ ይሁን።