የዳጉሳ ጠላ ስለ ምን ያስቸግራል?

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባለው አገር ለዝክርም ሆነ ለሠርግ የሚቀርበው ጠላ በብዙ ቤት ከዳጉሳ ይጠመቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ ሜጫ ባለው ሜዳ ዳጉሳ በብዛት ይዘራል፤ ነቀዝ ስለማይደፍረውም በጐተራ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ሆኖም ጠላ ሸጠው የሚተዳደሩ ሴቶች እንደሚያውቁት ይህ እህል ለጠማቂ በቀላሉ የሚገራ አይደለም። አንድ ጋን ጠላ ሲበላሽ የሚጠፋው እህሉ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ፣ ጌሾው፣ የብዙ ቀን ድካምና የልጆች ቀለብም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ዳጉሳ የሚያስቸግርበትን ምክንያትና እናቶቻችን ችግሩን የፈቱበትን ዘዴ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት እርሾ ስታርችን መብላት የማይችል መሆኑ ነው። እርሾ የሚበላው ስኳር ነው፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት ደግሞ እህል ሲበቅል በውስጡ የሚበዙት ኤንዛይሞች ናቸው። ጠማቂ ብቅል የምትጨምረው ለዚህ ነው። ነገር ግን ጥሬ ስታርች እንደ ተዘጋ ጐተራ ነው፤ ኤንዛይሙ በቀላሉ አይገባበትም። የሚከፈተው ከውሃ ጋር ሞቆ ሲያብጥና ሲፈርስ ነው።

የዳጉሳ ዋና አስቸጋሪነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የገብስ ስታርች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል፤ በዚያ ሙቀት የብቅሉ ኤንዛይም ገና ይሠራል። ስለዚህ የቢራ ፋብሪካ የገብስ ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ሁለቱን ሥራ ባንድነት ይፈጽማል። የዳጉሳ ስታርች ግን በአብዛኛው ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ቤታ አሚሌዝ የተባለው ስኳር አውጪ ኤንዛይም ደግሞ ከ65 ዲግሪ በላይ ፈጥኖ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ይኸውም ጐተራው ሳይከፈት ሠራተኛው ይሞታል ማለት ነው።

የባላገሩ ሙያ ይህን ችግር የፈታው ሁለቱን ሥራ በመለያየት ነው። ዱቄቱ በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ ከፊሉም ቂጣ ሆኖ ይጋገራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ለዳጉሳው ከበቂ በላይ ነው። እንኩሮው ከቀዘቀዘ በኋላ ጌሾና ብቅል ከያዘው ጥንስስ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ ኤንዛይሙ በጋኑ ውስጥ ስኳር ሲያወጣ፣ እርሾው ያንኑ ስኳር ወደ አልኮል እየለወጠ፣ ሁለቱም ጐን ለጐን ለቀናት ይሠራሉ። በአሜሪካ በቆሎ ወይም ሩዝ የሚጨምሩ ቢራ ጠማቂዎች እህሉን ለብቻው ቀቅለው ከብቅሉ ጋር የሚቀላቅሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሁለት ነገር እንረዳለን። እንኩሮው በቅጡ ካልበሰለ ስታርቹ እንደ ተዘጋ ይቀርና እህሉ ለአተላ ይሆናል፤ በትኩሱ ከተጨመረ ደግሞ ኤንዛይሙንም እርሾውንም ይገድላል። «እስኪበርድ ጠብቂ» የሚለው የእናቶች ምክር እንግዲህ ልማድ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር በቅርፊቱ ያለው ታኒን ነው። ጠቆር ያለው ዳጉሳ ከነጩ ይልቅ ታኒን ይበዛዋል፤ ታኒንም ከኤንዛይም ጋር ተጣብቆ ሥራውን ያዳክማል። ሦስተኛው የፍሬው ማነስ ነው። አንዱ ፍሬ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለሚሆን በውድማ ላይ ከተቀላቀለው አሸዋ ለመለየት ብዙ መንፋትና ማጠብ ያስፈልጋል። የገብስ ገለባ በፋብሪካ እንደ ወንፊት ሆኖ ቢራውን ሲያጠል፣ ዳጉሳ ይህ ስለሌለው ጠላው እስኪጠል መጠበቅ ወይም በጨርቅ ማጥለል ግድ ነው።

አራተኛው መሖምጠጥ ነው። በሞቃቱ የጣና ዳርቻ አየር የገባበት ድፍድፍ ፈጥኖ ወደ ኮምጣጤ ያደላል። ጋኑ በግራዋ መታጠቡ፣ በወይራ መታጠኑና አፉ በጭቃ መመረጉ ይህን ለመከላከል ነው፤ ጌሾም መራራነቱን ከመስጠት በላይ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ማረስ በልማድ ከተከለከለበት ከዘጌ ደን የሚመጣው ጌሾ በእርሻ ምድር ከበቀለው ዳጉሳ ጋር የሚገናኘው በዚህ ጋን ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ለሌላውም ዓለም ይጠቅማል። ዳጉሳ ግሉተን ስለሌለው፣ በሴሊያክ በሽታ ምክንያት ገብስና ስንዴ ለተከለከሉ ሰዎች ተስማሚ እህል ነው፤ ነገር ግን የእኛ ጠላ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ከገባበት ለእነርሱ አይሆንም። ዳጉሳው ራሱ ብቅል ሲሆን ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ ለባልደረቦቻችን ተማሪዎች አንድ ቀላል ሥራ እናመለክታለን። ከአተላው ጥቂት ወስዶ በውሃ ማቅጠንና በነጭ ሳሕን ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን መጨመር ነው። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች ቀርቷል ማለት ነው። እንኩሮውን በተለያየ ጊዜ አብስሎ ይህን ቢያነጻጽሩት፣ ስንት እህልና ስንት እንጨት በከንቱ እንደሚሄድ ለጠማቂዎቹ በዓይን ማሳየት ይቻላል። እናቶቻችን መልሱን በእጃቸው ይዘውታል፤ የእኛ ፈንታ ልኩን መስፈር ነው።