ልጆቻችንና ተወንጫፊው ባቡር



ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚያልፈው መንገድ ላይ በምትገኘው ሺሺንዳ፣ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ በስልክ ቪዲዮ መጣ። ላኪዋ በአቡ ዳቢ በቤት ሠራተኛነት የምትተዳደረው የቤቱ ታላቅ ልጅ ናት፤ በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ የቀረጸችው ነው። አንድ ቀይ ባቡር ቆሞ ይታያል፤ ወዲያው ተወርውሮ ይሰወራል። እናት "ያ ረቢ! ልጄ እዚያ ላይ ተቀምጣለች?" ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የአሥር ዓመቱ ልጃቸው ግን "ማነው የሚገፋው?" ሲል ጠየቀ።

እኛ ትልልቆቹ ስለ ደመወዝና ስለ ሐዋላ ወሬ ይዘን ነበርና ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። በማግስቱ ልጁ ታናሽ ወንድሙን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ጓደኛውን ከኋላ አስገፍቶ፣ በኩሽኔታ በሠራው የእንጨት ጋሪ ቁልቁለቱን ወረደ። ከታች በዋናው መንገድ ላይ አይሱዙ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ቀድሞ አይቶ ቆመ። አልሐምዱሊላህ፣ ከተላጠ ጉልበት በቀር የደረሰ ጉዳት የለም።

ስለዚህ ያን ቀን ያልመለስነውን ጥያቄ ዛሬ እንመልሰው።

በቪዲዮው የታየው ፎርሙላ ሮሳ የተባለው ሮለር ኮስተር ነው። በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት፣ በፌራሪ ወርልድ መዝናኛ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ። የከፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው። የብረት ሐዲዱ ርዝመት ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ከፍታው 52 ሜትር ነው።

በተለመደው ዓይነት ሮለር ኮስተር ባቡሩን ሰንሰለት እየጎተተ ጉብታ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያስሮጠው ልክ እንደ ልጆቻችን ጋሪ የራሱ ክብደት ነው። ፎርሙላ ሮሳ ግን የሚነሣው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው። ፓምፖች ዘይት እየገፉ በጋኖች ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ጋዝ ያምቁታል። የታመቀው ኃይል በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ትልቅ ከበሮ ይሽከረከራል፤ ከበሮው የብረት ገመድ ይጠቀልላል፤ ገመዱም ባቡሩን ይወነጭፈዋል። 5 ሰከንድ ሳይሞላ ፍጥነቱ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከገደል የተለቀቀ ድንጋይ እንኳ በዚያው ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው 175 ገደማ ነው። ተሳፋሪዎች አሸዋና ነፍሳት ዓይናቸውን እንዳይመቱት መነጽር ያደርጋሉ።

ልጁ በቪዲዮው ያላየው ደግሞ ይህን ነው። ተሳፋሪው ከወንበሩ ጋር በብረት ይያዛል። ቁመቱ ከተወሰነው በታች የሆነ ልጅ አይሳፈርም። እንዲህ ባሉ ባቡሮች ላይ ያለው የማግኔት ፍሬን መብራት ቢጠፋም ይይዛል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ አደጋ ፈጽሞ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በሴዳር ፖይንት መዝናኛ፣ ከሌላ ተወንጫፊ ባቡር የተነቀለ ብረት ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች ሴት መትቶ ክፉኛ ጎድቷታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ ፍሬን የሌለው ጋሪ መኪና ወደሚያልፍበት መንገድ ሲወርድ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አባትየው ጋሪውን ሊሰብሩት ተነሥተው ነበር። በኋላ ግን ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ፍሬን ሠሩለት። መጫወቻውም መኪና ከማይደርስበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ እንዲሆን ተስማሙ። እናትም ለልጃቸው ደወሉ። "እማ፣ እኔ መች ወጣሁ! ፈርቼ የጓደኞቼን ቦርሳ ይዤ ከታች ቆሜ ነው የቀረጽኩት" አለቻቸው። እናት እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጣው ምስል በየቤታችን ይገባል፤ ልጆቻችንም ያዩትን መሞከራቸው አይቀርም። ልጆች አደራ ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ከአደራው ወገን ነው። "ማነው የሚገፋው?" ሲሉን ስኒያችንን አስቀምጠን እንመልስላቸው።