የጎመን ክሽክሽ

የጓሮ ጎመን ለጋ ቅጠል መጨማደድና ጠርዙ ወደ ውስጥ መጠቅለል ከጀመረ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይገባል። ጀርባው አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ከታየ ክሽክሽ ገብቷል። አመድ የሚመስለው ከተባዩ ገላ የሚወጣ ሰም ነው። ከሰሙ ሥር ያለው ክሽክሽ ግራጫማ አረንጓዴ ሲሆን ርዝመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ቅጠል አያኝክም፤ በሾለ አፉ ጭማቂውን ይመጥጣል። ቅጠሉ የተበሳሳ ከሆነ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አባጨጓሬ።

ይህን ያህል ትንሽ ተባይ መደብ ሙሉ ጎመን የሚያጠፋው በአረባቡ ነው። በረዷማ ክረምት በሌለበት አገር ሴቷ ወንድ ሳያስፈልጋት፣ እንቁላልም ሳትጥል ትወልዳለች። ልጆቿም ሴቶች ናቸው፤ ሙቀቱ ከተስማማቸው በ10 ቀን ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ቅጠሉ ሲጠብባቸው ክንፍ ያላቸው ይወለዱና ነፋስ ወደ ሌላ ጓሮ ይወስዳቸዋል። የሚበረቱት በበጋ ነው፤ የክረምት ዶፍ ብዙዎቹን አጥቦ ይጥላል።

ጎመን በሌለበት ጊዜ የሚጠለሉት የጎመን ዘመድ በሆኑ አረሞች ላይ ነው፤ አንዱ የዱር ሰናፍጭ ነው። ብዙ ሰው መደቡን አጥርቶ ያርምና አጥር ሥር የበቀለውን ይተወዋል። የመደቡ አረም ውሃና ምግብ ይሻማል፤ የአጥሩ ሰናፍጭ ግን ክሽክሽ ቀልቦ ያቆያል። ስለዚህ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ መንቀል ያስፈልጋል።

መርዝ መርጨትን ለጓሮ ጎመን አልመክርም። ጎመን በየጥቂት ቀኑ ቅጠል ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ከርጭት በኋላ መጠበቅ ያለበትን ቀን ቆጥሮ የሚታገሥ ቤት ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ መርዙ የክሽክሹን ጠላቶች ይፈጃል። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ በል ናት። እጯ ግን እሷን አትመስልም፤ ረዘም ያለች፣ ጥቁር፣ ብርቱካንማ ምልክት ያላት ስትሆን ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል። እባካችሁ ተዉአት፤ ከእናቷ የማይተናነስ ክሽክሽ ትበላለች። ደቃቃ ተርብም አለች፤ እንቁላሏን በክሽክሹ ገላ ውስጥ ትጥላለች፣ እጯም ከውስጥ ትበላዋለች። አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ የደረቀ ክሽክሽ ካያችሁ የእሷ ሥራ ነው፤ ቅጠሉን አትጣሉት፣ አዲስ ተርብ ከዚያ ይወጣል። እነዚህን ወዳጆች ለመጋበዝ ጥቂት ድንብላልና እንስላል እስኪያብቡ መተው ነው፤ የአበባቸውን ወለላ ይወዳሉ።

ክሽክሹ በሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ብቻ እያለ በጣት መጨፍለቅ ይበቃል። ከበዛ የቅጠሉን ጀርባ በጎማ ውሃ አጥብቆ ማጠብ፤ የወደቀው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይወጣም። ያም ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ፀሐይ ከበረደች በኋላ መርጨት ይቻላል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ርጭቱ የተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ መግባት አለበት፤ ከቀናት በኋላም ይደገማል።

ቅጠሉ ተለቅሞ ያለቀ አሮጌ የጎመን ግንድ ሲያቆጠቁጥ ክሽክሽ በለጋው ይሰፍራል። አዲስ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ግንዱን ነቅሎ መቅበር ወይም ከግቢ ማውጣት ይሻላል።