ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ራስ፤ የከፍታ፣ የአየርና የዕፀዋት ዝምድና

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው የምድር ከፍታ ሲጨምር አየሩና ዕፀዋቱ እንዴት እንደሚለወጡ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ፣ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል እስከ ጉና ተራራ የሚደርሰውን አገር ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ የጉና ራስ ከ4,100 ሜትር ያልፋል።

አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በወረታና በጉና ራስ መካከል ወደ 14 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የከፍተኛ ቦታ አየር ስስ ስለሆነ፣ ምድሩ በቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ ይለቃል፤ ውርጭም ይወርዳል።

ሕዝባችን ይህን ለውጥ ከጥንት ጀምሮ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ለይቶታል። ቆላው በዚህ መሥመር አይገኝም። እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው ወይና ደጋ፣ የጤፍ፣ የኑግና የዋንዛ አገር ነው። ከዚያ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይበቅልበታል። ጽድና ኮሶን የመሰሉት የአገር ዛፎች ግን በብዛት ተመንጥረው፣ ዛሬ በይበልጥ የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። በውርጩ ክልል በመጀመሪያ አስታ፣ ከፍ ሲል ጓሳና ጅብራ ይገኛሉ። ጅብራ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋውን እምቡጥ ከብርድ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። የፎገራ ሜዳ በሙቀቱ ዛፍ ሊያበቅል የሚችል ወይና ደጋ ነው። ነገር ግን ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ስለሚያጥለቀልቁት፣ ጥቁር አፈሩም ውሃ ስለሚቋጥር፣ ከዛፍ ይልቅ ለሣር የተመቸ ሆነ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የገባው ሩዝ የተስማማውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ነው። እርሻው ወደ አስታውና ወደ ጓሳው በገፋ ቍጥር፣ ዝናቡ ወደ ምድር ሳይሰርግ ቶሎ ይወርዳል፤ አፈሩንም ጠርጎ የወንዞቹን አልጋ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ የፎገራ ሰዎችን ከቤታቸው ያፈናቀለው ጐርፍ፣ ሜዳው ለእንዲህ ያለ አደጋ ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ የጉናን ዕፀዋት መጠበቅ የደገኛው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፎገራ ገበሬ ሩዝና ቤትም በእርሱ ላይ የቆመ ነው።