አልነሣ ያለ ስልክና የማስነሣቱ ሥርዓት

ቁልፉ ቢጫን ቢጫን መልስ የማይሰጥ፣ ወይም የሠሪውን ዓርማ ብቻ አሳይቶ በዚያው ደርቆ የሚቀር ስማርትፎን በባለቤቱ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ሞተ» ተብሎ ይፈረድበታል፤ ዳሩ ግን የዚህን መሣሪያ ጠባይ የመረመረ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ከአንዱ የመነሣት ማዕርግ ወደሚቀጥለው መሻገር ስለ ተሳነው ነውና፣ የጥገናው ጥበብ መቅድም የቆመበትን ማዕርግ ለይቶ ማወቅ ነው።

ስልክ ሁለንተናው በአንድ ጊዜ አይነቃም። የኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ቦርዱ ሲገባ በቅድሚያ የሚነቃው በዋናው ቺፕ ውስጥ በፋብሪካ የተቀረጸና ከዚያ ወዲያ ሊሻርም ሊለወጥም የማይችል፣ ቡት ሮም የሚባል አጭር ትእዛዝ ነው፤ እርሱም ቡትሎደርን ይጠራል፤ ቡትሎደሩ በአንድሮይድ ስልኮች ሊነክስ የተባለውን ከርነል ያስነሣል፤ ከርነሉም ስክሪኑንና ማከማቻውን፣ ሌላውንም ብልት ሁሉ ሥራ ካስያዘ በኋላ ባለቤቱ የሚያየውን ገጽ የሚያወጣው ሥርዓት ይከተላል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ድርሻውን ሳያሰማ ካህኑ ወደሚቀጥለው እንደማያልፍ ሁሉ፣ በዚህም እያንዳንዱ ማዕርግ የተከታዩን ዲጂታል ማኅተም መርምሮ እውነተኛነቱን ሳያረጋግጥ አያሳልፈውም፤ ስለዚህ በመካከል አንዱ ቢበላሽ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ደኅና ቢሆንም እንኳ፣ ሳይነቃ ይቀራል።

ስክሪኑ ፈጽሞ የጨለመ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚመረመረው ባትሪው ነው። ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ኀይል ይይዛል፤ ከ3 ቮልት እጅግ ወርዶ ሲገኝ ግን ከጉዳት የሚጠብቀው ሰርኪዩት መንገዱን ስለሚዘጋውና ቻርጀሩም በመጀመሪያ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ስለሚመግበው፣ ስልኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩንና ገመዱን ለውጦ፣ መሰኪያውን ከአቧራና ከብናኝ በደረቅ ስንጥር በቀስታ አጽድቶ በትዕግሥት መጠበቅ፣ ቀጥሎም በግድ ማስነሣት ይገባል፤ ይኸውም በብዙዎቹ አንድሮይዶች የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ እስከ 20 ሰከንድ ድረስ ተጭኖ በመያዝ፣ ከአይፎን 8 ወዲህ በወጡት አይፎኖች ደግሞ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ አድርጎ በመልቀቅ፣ መቀነሻውንም እንዲሁ በማድረግ፣ ከዚያም የጎኑን ቁልፍ የአፕል ዓርማ እስኪወጣ ድረስ በመያዝ ይፈጸማል። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ ስልኩ ሲደወልለት ቢጮኽ ወይም ቫይብሬት ቢያደርግ ግን ሥርዓቱ ተነሥቷልና ሕመሙ የስክሪኑ ነው።

ጠጋኞቻችን «ሎጎ ላይ ቆመ» የሚሉት ስልክ፣ ኀይሉ ደኅና ሆኖ ሥርዓቱ የታወከ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በመካከል የተቋረጠ አፕዴት ወይም ጢም ብሎ የሞላ ማከማቻ ነው። ለዚህ የተዘጋጀው መድኀኒት ከዋናው ሥርዓት ተለይቶ የሚነሣው ሪከቨሪ ሲሆን፣ ስልኩ ጠፍቶ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያውንና ድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ በመያዝ ይከፈታል። በውስጡ ካሉት ምርጫዎች ካሽ የሚባለውን ጊዜያዊ ክምችት መደምሰስ የባለቤቱን ንብረት አይነካም፤ ፋክተሪ ሪሴት ግን ስልኩን ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ሲመልሰው በውስጡ የነበረውን ፎቶግራፍና ጽሑፍ ሁሉ ይደመስሳልና የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ ሊሆን አይገባውም። አይፎንም ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ «አፕዴት» ቢባል መረጃው ሳይነካ ሥርዓቱ እንዲታደስ ይሞከራል፤ «ሪስቶር» ቢባል ግን ሁሉም ይጠፋል።

ቡትሎደሩ ራሱ ሲበላሽ ሪከቨሪም አይከፈትም። ያን ጊዜም ቢሆን ቡት ሮም እንደ ተቀረጸ ስለሚኖር፣ ስልኩ በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ በእርሱ በኩል አዲስ ሥርዓት መቀበል ይችላል፤ በኳልኮም ቺፖች ኢዲኤል፣ በአይፎን ዲኤፍዩ የሚባለው በር ይኸው ነው፤ ቴክኖን በመሳሰሉ በአገራችን በሚበዙ ስልኮች ዘንድ የተለመደው ሚዲያቴክ ቺፕም የራሱ በር አለው። ይህ «ፍላሽ ማድረግ» የሚባለው ሥራ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል፤ የሌላ ሞዴል ፋይል የተጫነበት ስልክ ከፊተኛው የባሰ ይወድቃል፤ ማከማቻው ሳይለይ በሙሉ ከተደመሰሰም የስልኩ መለያ የሆነው አይኤምኢአይ ቁጥር አብሮ ሊጠፋና ስልኩ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተነሣ ነገሩ የቦርዱ ነው፤ ጠጋኙም በፓወር ሰፕላይ ስልኩ የሚስበውን አምፔር እያነበበ ሾርት ያደረገውን ክፍል ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን ስልኩን ማዳንና በውስጡ ያለውን ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን አንድሮይድ 10 ይዞ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ሁሉ መረጃውን በምሥጢር እንዲቆልፍ ግዴታ ሆኖበታል፤ ቁልፉም ከባለቤቱ የይለፍ ቃልና በቺፑ ውስጥ ከተሰወረ ምሥጢር ጋር የተሳሰረ ነውና፣ የማከማቻውን ቺፕ ነቅሎ በሌላ መሣሪያ የሚያነብ ሰው ትርጉም የሌለው ፊደል ብቻ ያገኛል፤ ቁልፉ በሪሴት ከጠፋም የሚመልሰው ጠጋኝ የለም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስልክህን ለጠጋኝ ስትሰጥ የምትሻው ስልኩን ይሁን ወይስ ፎቶግራፎቹን አስቀድመህ ንገረው፤ ያለ ፈቃድህ ፍላሽም ሆነ ሪሴት እንዳያደርግ አስጠንቅቀው፤ ስልኩ በደኅና ሳለም የምትሳሳለትን ሁሉ በሌላ ቦታ ገልብጠህ አኑር።