ዐጸደ ሥላሴ፤ ዘግይቶም ቢሆን የምትቀበል ቅጥር

ሐምሌ 7 ቀን የሚከበረው የቅድስት ሥላሴ በዓል አብርሃም በመምሬ ዛፍ ጥላ ሥር ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበትን ዕለት ያሳስበናል። በአገራችንም ዛፍና ቤተ እግዚአብሔር ተለያይተው አያውቁም። በምሥራቅ ጎጃም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት የተከሉትን የሞጣ ጊዮርጊስን፣ ወይም የቢቸናን አድባራት የተሳለመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዐጸዱ የሕያዋን መጠለያ፣ የሙታንም ማረፊያ ነው።

በአዲስ አበባ የሚገኘው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐጸድ በስፋቱ ትንሽ፣ በታሪኩ ግን ታላቅ ነው። የካቴድራሉ ሥራ በጠላት ወረራ ተቋርጦ ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተፈጸመ። በቅጥሩ ውስጥ አርበኞች ይታሰቡበታል። ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕሯ የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በ1953 ዓ.ም. በዚያው ዐርፋለች።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣኖችና መኮንኖች አፅም ከጅምላ ጉድጓድ ወጥቶ በክብር ወደዚህ የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። ካቴድራሉን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ለራሳቸው ካዘጋጁት መቃብር የደረሱት በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ከሞቱ ከ25 ዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር።

እዚህ ላይ የቢቸናውን አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ሳናስታውስ አናልፍም። አምስቱን ዓመት ጠላትን የተዋጋው ጀግና፣ ካቴድራሉ በተፈጸመ በዓመቱ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በዚያው ከተማ በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ በስሙ ይጠራል፤ ሕዝብም በቀረርቶው ያነሣዋል። እንግዲህ ፈራጁም፣ የተፈረደበትም፣ ኋላ በግፍ የወደቁትም መታሰቢያቸውን ያገኙት ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ሐውልት ለሙት ምንም አይጨምርለትም፤ የሚመክረው የቆመውን ነው። በዚህ ዐጸድ በእግር የሚዘዋወር ምእመን ከመቃብር ወደ መቃብር ሲያልፍ የሚማረው ይህን ነው፤ ፍርድን ያለ ጥድፊያ መስጠት፣ ሙትንም ያለ ልዩነት ማክበር። አብርሃም እንግዶቹን ማንነታቸውን ሳይጠይቅ ከዛፉ ጥላ እንዳስጠጋ፣ እኛም ሙታናችንን ከነታሪካቸው እንቀበል።

ለመላው ምእመናን መልካም በዓል እንመኛለን።